«ሦስት ቋንቋ ልጅቷን እያደናገራት ነው»

ነሐሴ ገብቷል። ገላን ውስጥ ከዋናው አስፋልት እስከ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ድረስ የመዋዕለ ሕፃናት ባነር ነው። የሚሉት አንድ ነገር ነው። «በእንግሊዝኛ እናስተምራለን»። «ልጅዎ በአጭር ጊዜ እንግሊዝኛ ይናገራል»። እኔም እንደ ሰዉ ልጄን ይዤ ምዝገባ ዞርኩ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው።

አንዱ ጋ (ስሙ ይቅር) መዝጋቢዋ ቀይ ካርድ አንስታ «ምን ከለር ነው?» አለቻት። ልጄ ትንሽ ዝም አለችና «ዲማ» አለች። በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ልክ ነች! ሴትየዋ ግን ወረቀቱ ላይ ኤክስ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ቤት ውስጥ በምንድን ነው የምታወሯት?» ነገርኳት። እኔ በአማርኛ፣ አባቷና አያቷ በኦሮምኛ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በእንግሊዝኛ። «ለዚህ ነዋ አፏ የዘገየው! ሦስት ቋንቋ ልጅቷን እያደናገራት ነው። ከቻላችሁ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ አድርጉት።»

በጨዋ ደንብ አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። አማቴ ከኦሮምኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ልጄን ቀን ቀን የሚይዙልን እሳቸው ናቸው። እኛ ቤት «እንግሊዝኛ ብቻ» ማለት እኮ አያትየው ከጠዋት እስከ ማታ ከልጅ ልጃቸው ጋር አፋቸውን ዘግተው ይዋሉ ማለት ነው። የእኔስ እንግሊዝኛ? ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የደረሰኝና የቫውቸር እንግሊዝኛ ነው። በእሱ ቋንቋ ልጅ አባብዬ ላስተኛ? ስትፈራ «አይዞሽ»ን በምን ልተካው?

ግን ደግሞ «ብትሆንስ?» የምትል ነገር አለች። ልጄ እውነትም ከእኩዮቿ ያነሰ ነው የምታወራው። ስለዚህ ሰሞኑን ማታ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ስልኬን ይዤ ሳነብ ከረምኩ። የቋንቋ ባለሙያ አይደለሁም። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ገላን፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ያላችሁ ወላጆች ይሄን ምክር ሳትሰሙት እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ።

ይሄ «ያደናግራል» የሚባለው ነገር የእኛ ሰፈር ፈጠራ አይደለም። መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1923 ሳየር የሚባል ተመራማሪ ዌልስ ውስጥ ልጆችን ፈተነና፣ የገጠር ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አንድ ቋንቋ ከሚያውቁት ያነሰ ነጥብ አመጡ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ያንን ይዞ ሄደ። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ጥናቶች ድሃውን ከሀብታሙ፣ የገጠሩን ከከተማው፣ አንዳንዴም ቋንቋውን ገና እየለመደ ያለ ስደተኛን ከተወላጁ ነበር የሚያወዳድሩት። ድህነቱን ቆጥረው ቋንቋ ነው አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1962 ፒልና ላምበርት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ካናዳ ሞንትሪያል ላይ የአስር ዓመት ልጆችን ወሰዱ። የኑሮ ደረጃቸውን አመሳስለው ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም የሚችሉትን አንዱን ብቻ ከሚችሉት ጋር አወዳደሩ። ሁለት ቋንቋ የሚችሉት በለጡ። በርግጥ እነሱም የመረጧቸው ልጆች ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ የያዙትን ነው፤ ስለዚህ ይሄም ትንሽ ያጋደለ ነው። ከዚያ ወዲህ ቶሮንቶ ያለችው ኤለን ቢያሊስቶክ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ሐሳብ የሚበትን ነገር ችላ ብለው በሚያስፈልገው ላይ በማተኮር ይሻላሉ የሚሉ ብዙ ጥናቶች ሠራች። ዓለም በጣም ወደደው። ሁለት ቋንቋ ልጅን ብልህ ያደርጋል ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ4,500 በላይ የዘጠኝና የአስር ዓመት ልጆች የታዩበት ትልቅ ጥናት ወጣና ያ ብልጫ የለም አለ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ቀላል ነው። ልጄ ሁለት ቋንቋ ስላወቀች ሊቅ አትሆንም። ሁለት ቋንቋ ስላወቀች ደግሞ አፏ አይያዝም። «ይጠቅማል» የሚሉት እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ «ይጎዳል» የሚለውን ግን በደህና ጥናት ደግፎ የሚሟገት አላገኘሁም።

ታዲያ ለምን ያነሰ የምታወራ መሰለ? አንዱ መልስ አቆጣጠሩ ነው። ማያሚ ላይ ፒርሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ስፓኒሽና እንግሊዝኛ እየሰሙ ያደጉ ሕፃናትን ቃላት ቆጠሩ። አንዱን ቋንቋ ብቻ ስትቆጥሪ ልጁ ያነሰ ይመስላል። ሁለቱን ደምረሽ ስታዪው ግን ከሌሎቹ ልጆች ጋር እኩል ነው። ልክ ሁለት ባንክ ገንዘብ ያለውን ሰው አንዱን ደብተር ብቻ አይቶ ድሃ ነው እንደማለት። (የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ።)

እኔም ለአንድ ሳምንት ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፌ መጻፍ ጀመርኩ። ከእኔ ጋር ያለችውን በአንድ በኩል፣ ከአኮ ጋር ያለችውን በሌላ በኩል። አኮ አያት ማለት ነው፤ ልጅቷን ተከትለን ሁላችንም አማቴን አኮ ነው የምንላቸው። ውጤቱ አስገረመኝ። የወጥ ቤቱ ቃል ከሞላ ጎደል ኦሮምኛ ነው፤ ቢሻን፣ አናን። የልብስና የገላ መታጠብ ነገር አማርኛ ነው፤ ማታ የማጥባት እኔ ነኛ። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን የምትጠማበት ጊዜ ነው። እኔን ስታይ «ውሃ» ትላለች። ወደ አኮ ከዞረች «ቢሻን»። አንድም ቀን አላሳሳተችም። ለማን ምን እንደሚባል የምታውቅ ልጅ ምኗ ነው የተደናገረው?

አንዳንዴ ትቀላቅላለች። «አኮ ኮቱ እንብላ» ትላለች። ይሄንንም አንብቤያለሁ። የጎደላትን ቃል ከሌላው ኪሷ ማውጣቷ ነው። ቆይ፣ እኛስ? አንድ የቢሮ ሰው ያለ «ሚቲንግ»ና ያለ «ሪፖርት» አምስት ደቂቃ ማውራት ይችላል? እሱን ማንም ተደናገረ አይለውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቋንቋ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። ፓትሪሻ ኩል የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ነገር አለ። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ሰብስባ ለአሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ማንዳሪን ቻይንኛ አሰማቻቸው። አንዱ ቡድን የሰማው ፊት ለፊቱ ተቀምጣ መጽሐፍ ከምታሳየው፣ አሻንጉሊት ከምታጫውተው ሰው ነው። ሌሎቹ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ወይ በድምፅ ብቻ ሰሙ። በመጨረሻ ሲፈተኑ ከሰው የሰሙት የቻይንኛውን ድምፅ ለይተው ያዙ። ከቴሌቪዥን የሰሙት ምንም። ዜሮ። ቻይንኛ ጭራሽ ያልሰሙ ልጆች ደረጃ ላይ ነበሩ።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ እኛ ቤት ያለው ሦስተኛ ቋንቋ ቋንቋ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ካርቱኑ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ግን አይጠብቅም። ልጄ «ይሄ ምንድን ነው?» ብትለው አይመልስላትም። አኮ ግን ሽንኩርት እየላጡም ይመልሳሉ። በ2018 የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ቤታቸው የሚሰሙትን ቀድተው፣ አንጎላቸውንም በመሣሪያ አይተው ያገኙት ይሄንን የሚደግፍ ነው። ወሳኙ ልጁ የሚሰማው የቃል ብዛት ብቻ አይደለም። ቅብብሉ ነው፤ አንድ እሱ፣ አንድ አንቺ፣ መልሶ እሱ። ይሄ ደግሞ በወላጅ ገቢና ትምህርት የሚወሰን ሆኖ አልተገኘም።

ስለ ቃል ብዛት «የሠላሳ ሚሊዮን ቃል ክፍተት» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ሃርትና ሪዝሊ ካንሳስ ላይ 42 ቤተሰብ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ነው። የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከሀብታም ልጅ በሠላሳ ሚሊዮን ያነሰ ቃል ይሰማል አሉ። በኋላ በ2019 ሌሎች ደግመው ሲያዩት፣ የመጀመሪያዎቹ የቆጠሩት በዋናነት ወላጅ ለልጁ የሚለውን ነበር። አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ቤት ውስጥ የሚወራው ሁሉ ሲቆጠር ያ ሰፊ ክፍተት እንደተባለው አልታየም። ይሄን ሳነብ የእኛን ግቢ አሰብኩ። ስድስት ተከራይ አለ። አንዷ ቡና ስታፈላ ሁሉም ይወጣል። ወላይትኛ አለ፣ ጉራጊኛ አለ፣ አማርኛ በየዓይነቱ አለ። ልጄ እዚያ መሃል ቁጭ ብላ ፈንዲሻ ትለቅማለች። ይሄን ማን ቆጠረው?

የእንግሊዝኛ ነገር ግን ቀልድ አይደለም፤ ወላጁን የምንስቅበት አይሁን። ዘጠነኛ ክፍል ሲደረስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው። ይሄን ቁጥር የሰማ ወላጅ ከአጎቱ ተበድሮም ቢሆን ልጁን «እንግሊዝኛ» የሚል ባነር ያለበት ቦታ ቢያስገባ አልፈርድበትም። ጥያቄው ፍርሃቱ ልክ ነው ወይ አይደለም። ፍርሃቱ ልክ ነው። መድኃኒቱ ነው ያጠራጠረኝ።

ለዚህ ደግሞ ቶሮንቶም ቦስተንም መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አገራችን የተሠራ አለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን አለ። ክልሎቹ ግን አፈጻጸማቸው ተለያየ። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ ስምንተኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ ቀጠሉ። አማራ ክልልና አዲስ አበባ ሰባተኛ ላይ ሒሳብና ሳይንሱን ወደ እንግሊዝኛ አዞሩት። ይሄ ሳይታሰብ ጥሩ ማወዳደሪያ ሆነ። ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው፣ ካትሊን ሂውና ካሮል ቤንሰን ከብርሃኑ ቦጋለና ከመኮንን ዓለሙ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ጥናት ይሄንኑ አየ። ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻቸው የተማሩት ልጆች ስምንተኛ ክፍል ላይ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ሐሳቡን ልጁ አንዴ በሚገባው ቋንቋ ከያዘው ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል፤ መጀመሪያውኑ ያልያዘውን ግን ምን ይዞ ይሻገር?

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በ2010 እ.ኤ.አ. የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ በየራሳቸው ቋንቋ ሲፈተን፣ ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። በገዛ ቋንቋቸው! ስለዚህ «በአፍ መፍቻ ይሁን» ብሎ መፈረም ብቻውን ልጅ አያስነብብም። መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ማንበብ ማስተማር የሠለጠነ አስተማሪ ይፈልጋል፣ ሰማንያ ልጅ ያልታጨቀበት ክፍል ይፈልጋል። ይሄንን ስንል አንዳንዱ ወዲያው ወደ ፖለቲካ ይወስደዋል። እባካችሁ ኮሜንት ላይ እዚያ አትውሰዱት፤ እኔ የማወራው ስለ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ገላን አሁን ሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ትምህርቱ በዋናነት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ትንሽ ወደ አቃቂ ከተሻገርሽ የአዲስ አበባ ሥርዓት ነው፤ አማርኛ፣ በፊደል። ፋብሪካውን ብሎ የመጣው ሰው ደግሞ ሁለቱም የእናት ቋንቋው ላይሆን ይችላል። ሰው ቤት ኪራይ ሲወደድበት አንድ ፌርማታ ይቀይራል፣ ልጁ ቋንቋና ፊደል ይቀይራል። ሦስተኛ ክፍል ላይ እንደ አዲስ «ሀ ሁ» የሚጀምር የጎረቤት ልጅ አለ። ጎበዝ ልጅ ነው። ቁቤውን አሳምሮ ያነባል። አዲሱ ክፍሉ ውስጥ ግን ደደብ ተብሎ ነው የተቀመጠው።

ስለ ፊደል ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው ፊደል ስለበዛ ለልጅ ይከብዳል ይላል። ኤርትራ ውስጥ ዮናስ መስፉን አስፋሃና ባልደረቦቹ አንደኛ ክፍሎችን አወዳድረው ነበር። በግእዝ ፊደል የሚማሩትን ትግርኛና ትግረ፣ በላቲን ከሚማሩት ሳሆና ኩናማ ጋር። ብዛቱ ሌላ ሆኖ ሳለ ማንበብ የቀለላቸው በግእዝ ፊደል የተማሩት ሆነው ተገኙ፤ እያንዳንዱ ምልክት ሙሉ ድምፅ ነዋ። ተነባቢውንና አናባቢውን ነጣጥሎ መልሶ ማጋጠም የለም፤ «በ» በቃ በ ነው፣ «ላ» በቃ ላ ነው። ይሄ ቁቤን ለማናናቅ አይደለም። ቁቤ ሌላ ጥቅም አለው፤ ልጁ ኋላ እንግሊዝኛ ሲመጣ ፊደሉን ያውቀዋል። ልጄ ሁለቱንም ብታገኝ ደስታዬ ነው።

ቁጥርም እንደዚሁ። በአማርኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። በኦሮምኛ ኩዳ ቶኮ፣ ኩዳ ለማ። አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት፤ ቃሉ ራሱ ሒሳቡን ይነግራታል። እንግሊዝኛው «ኢለቨን»፣ «ትዌልቭ» ምንም አይነግራትም፤ መሸምደድ ነው። ቻይና ልጆችና አሜሪካ ልጆች መቁጠር ሲማሩ የተወዳደሩበት ጥናት አለ። እስከ አሥር እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአሥር በኋላ ነው፤ የቻይንኛው ቁጥር እንደ እኛው «አሥር አንድ» ስለሆነ ልጆቹ ቶሎ ያልፋሉ። እና እኛ ይሄንን የታደልነውን ነገር ከፍለን እንድናስጥላት ነው የተጠየቅነው።

ማታ ማታ አኮ ሂቦ ይሏታል። እንቆቅልሽ ነው። ልጅቷ ገና በቅጡ አይገባትም፤ ግን ተራዋን ጠብቃ መልስ መሳይ ነገር ትወረውራለች፣ አኮ ይስቃሉ፣ ትደግማለች። እኔም በአማርኛው ጀምሬላታለሁ። «እንቆቅልሽ» ስላት «ምን አውቅልሽ» ትላለች፣ ሲያቅታት አገር ትሰጠኛለች። ትናንት አዳማን ሰጠችኝ። ከትናንት ወዲያ የአኮን ዶሮዎች። አንድን ነገር በሌላ ነገር አድርጎ ማሰብ፣ ተራ መጠበቅ፣ መልሱን ሳያገኙ መቆየት፤ እዚያ ሁሉ ጥናት ውስጥ በውድ መሣሪያ የሚለካው እኮ ይሄው ነው። ይሄንን ጨዋታ በቫውቸር እንግሊዝኛ እንዴት ነው የምንጫወተው?

ይህም ሆኖ «ሁለት ቋንቋ ስለሆነ ነው፣ ይመጣል» ብሎ ዝም ማለትም አደገኛ ነው። ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ልጅ በዓመት ከአራት ወሩ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ካልወጣው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጋጠመ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ ያወቀውን ቃል መርሳት ከጀመረ ሐኪም ይየው። ቋንቋ መቀነስ መድኃኒት አይደለም። እኛ ሄደናል። ሐኪሙ ስንት ቋንቋ እንደምናወራ ከመጠየቁ በፊት ጆሮዋን አየ። ጉንፋን ሲደጋገምባት ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። መድኃኒት ሰጠን፤ ለመስማት ምርመራ ደግሞ ቀጠሮ አለን። እና መዝጋቢዋ በሦስት ደቂቃ በቋንቋ ያሳበበችው ነገር ምናልባት የጆሮ ነገር ነበር።

ኦቲዝምም ቢሆን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ በራሷ ልጅ ምክንያት ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስታቋቁም ብዙ ሰው ስሙንም አያውቀውም ነበር። አፋቸውን ላልፈቱ ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያለችውን ዘዴ የሠራችው ከገዛ ፊደላችን ድምፅ ተነስታ ነው።

ባለቤቴን ያሳመንኩት ሳልቸገር ነው፤ እሱ ድሮም እናቱን ዝም የሚያሰኝ ትምህርት ቤት አይፈልግም። ልጄን ያስመዘገብነው ባነር የሌለው፣ አስተማሪዎቹ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያጫውቱበት ግቢ ነው። እንግሊዝኛ በቀን ትንሽ መዝሙር አለ፤ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ከእራት በፊት አይከፈትም። አኮ ውሳኔውን ሲሰሙ «ድሮስ ምን ልታደርጉ ነበር?» አሉ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ሥዕል የበዛበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቢሾፍቱም ሆነ አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጻፉልኝ። በአማርኛ ጥቂት አግኝቻለሁ፤ በኦሮምኛ ያገኘሁት ሁሉ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛ፣ የሕፃን የመስማት ምርመራ አድርጋችሁ የምታውቁ፣ ልጁ አልቀመጥ ሲል እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ቀጠሯችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። አኮም አብረው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ጭን ላይ ካልሆነ አትቀመጥም።